ቃል የሌለው ሁሉ ሐሳብ የለውም ያለው ማነው?

ባለፈው ወር በተማሪዎች ማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበውንና ገና ድምፅ ያልተሰጠበትን ሐሳብ አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። ያልሰማችሁ ካላችሁ በአጭሩ ይኸው፦ የሙዚቃ ክበባችን በየሐሙሱ ማታ በሚያደርገው የሸክላ ማዳመጫ ሰዓት ከእንግዲህ ወዲህ የሚሰሙት ሥራዎች «መልእክት ያላቸው» ብቻ ይሁኑ፤ ይህንንም አስቀድሞ የሚመረምር ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ይቋቋም የሚል ነው። ሐሳቡ ያለ ምክንያት አልተነሣም። ከስብሰባው በፊት በነበረው ሐሙስ ያሰማነው የእንግሊዛዊው ጊታር ተጫዋች የጄፍ ቤክ ሸክላ፣ «ብሎው ባይ ብሎው» የተባለው፣ ዘፋኝ የሌለበት በመሆኑ አንዳንድ ወንድሞቻችንን አስቆጥቷል። ከአርባ ደቂቃ በላይ ተቀምጠን አንድም ነገር ሳይነገረን ወጣን አሉ።

በዚያ ስብሰባ ላይ ለእኛ ለክበቡ አባሎች መልስ የምንሰጥበት አምስት ደቂቃ ተፈቅዶልን ነበር። አምስቱም ደቂቃ በጭብጨባና በፉጨት አለቀ። ስለዚህ መልሳችንን በዚህች ወረቀት ላይ አድርገነዋል፤ ወረቀት ላይ ማፏጨት ያስቸግራልና።

የተቃዋሚዎቻችንን ክርክር በጎደለ ቁና አንሰፍረውም። የሚሉት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ሙዚቃ ቃል ከሌለው ሐሳብ የለውም፤ ሐሳብ የሌለው ነገር ጊዜ ማሳለፊያ ነው፤ በማኅበሩ አዳራሽና በማኅበሩ መብራት ደግሞ ጊዜ ማሳለፍ አይገባም የሚል ነው። ሁለተኛው ይከብዳል፤ እንዲህ ያለው ሸክላ የአንድ ሰው የጣት ትርዒት ነው፤ አንዱ ጎልቶ እንዲታይ ሌሎቹ ከኋላው ይቆማሉ፤ ስለ ኅብረት ስንናገር የምንውል ተማሪዎች አንድ ሰው ራሱን የሚያሞግስበትን ሥራ ምን ብለን እንሰማለን የሚል ነው። ይህን ሁለተኛውን ክርክር እናከብረዋለን። የመጀመሪያውን ግን አናከብረውም፤ ስለዚህ ከእርሱ እንጀምር። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልን።)

ጄፍ ቤክ በ1944 ከለንደን በስተደቡብ ባለችው በዎሊንግተን ተወለደ፤ በጥር ወር 2023 በ78 ዓመቱ ሞተ። በ1965 ያርድበርድስ በተባለው ጓድ ውስጥ ኤሪክ ክላፕተን በለቀቀው ቦታ ገባ። በ1967 ራሱ የዘፈነበትን «ሃይ ሆ ሲልቨር ላይኒንግ» የተባለ ሸክላ አወጣ፤ ሸክላው በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ 14ኛ ደረጃ ደረሰ፤ ሕዝቡም ወደደው። ቤክ ራሱ ግን ያንን ዘፈን እንደማይወደው ለማንም አልደበቀም። ከዚያም እንደ ሮድ ስትዋርት ያለ፣ ድምፁ አዳራሽ የሚሞላ ዘፋኝ ከፊቱ አቁሞ በ1968 «ትሩዝ»ን፣ በ1969 «ቤክ ኦላ»ን ሠራ። ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው ታሪኩን ለማውራት አይደለም። ይህ ሰው ቃል አጥቶ፣ ዘፋኝ አጥቶ፣ አፉ ተዘግቶ ወደ ዝምታ እንዳልገባ ለማሳየት ነው። ቃሉ ነበረው፤ ገበያውም ነበረው፤ በ1974 መጨረሻ ለንደን ውስጥ ኤር ስቱዲዮ ሲገባ ሁለቱንም ከበር ላይ አስቀምጦ ገባ። የሮክ ነጋዴ ሁሉ ዘፋኝ የሌለው ሸክላ አይሸጥም በሚልበት ዘመን ይህን ማድረግ ድፍረት ነው። ሸክላው በ1975 ወጥቶ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ 4ኛ ደረጃ መድረሱን ስናስታውስ ነጋዴዎቹ መሳሳታቸውን እናያለን። የእኛ ወንድሞች ግን ከሃምሳ ዓመት በኋላ ዛሬም የነጋዴዎቹን ቃል ይደግማሉ።

አሁን ወደ ነገሩ እንብርት እንግባ። በሸክላው ሁለተኛ ገጽ መጀመሪያ ላይ «ኮዝ ዊቭ ኤንድድ አዝ ላቨርስ» የሚባል ሥራ አለ፤ በእኛ አነጋገር «ፍቅረኛነታችን አብቅቷልና» እንደ ማለት ነው። ያን ምሽት አዳራሹ ውስጥ ወንበር መንቀሳቀስ ያቆመው በዚህኛው ሥራ ጊዜ እንደ ነበረ የተገኛችሁ ሁሉ ታስታውሳላችሁ፤ የተቆጡት ወንድሞቻችንም ጭምር። ደራሲው ስቲቪ ዎንደር ነው። የደረሰው ከእርሱ ጋር ተጋብታ ለተፋታችው ለዘፋኟ ለሲሪታ ራይት ሲሆን፣ እርሷም በ1974 በወጣው ሸክላዋ ላይ ከነቃሉ ዘፍናዋለች። የቀድሞ ባል ስለ መለያየት የደረሰውን የቀድሞ ሚስት ስትዘፍነው አስቡት፤ ቃል ይሸከመዋል ከተባለ ከዚህ የበለጠ ምን የሚሸከመው ነገር አለ?

ቤክ ያንን ቃል በሙሉ አወጣው። አንድ ፊደል አላስቀረም። እንግዲህ የተቃዋሚዎቻችን ትምህርት እውነት ከሆነ የቀረው ነገር ባዶ ቀፎ መሆን ነበረበት። ምን ቀረ? መጀመሪያ ላይ ድምፁ ከምንም ተነሥቶ ቀስ እያለ ያብጣል፤ ክሩን ከመታ በኋላ በጊታሩ ላይ ያለችውን የድምፅ መቆጣጠሪያ በጣቱ እያዞረ ስለሚከፍታት የምቱ ጓታ አይሰማም፤ የሚሰማው ሊናገር ፈልጎ አንደበቱ የተያዘበት ሰው የሚያወጣው ዐይነት ድምፅ ነው። ከዚያ ዜማው ይመጣል፤ አንዱ ድምፅ ወደ ሌላው በክሩ መጎተት እየተለጠጠ፣ ከታሰበበት ሳይደርስ ጥቂት ቆይቶ፣ ከዚያም ደርሶ። መካከል ላይ ይቆጣል። ቁጣውም አይቆይም፤ ተመልሶ ይለሰልሳል። በሲሪታ ዘፈን ውስጥ መለያየቱ በቃል ይነገረናል። በቤክ ጊታር ውስጥ የሚነገረን የለም፤ ነገር ግን መለያየት የሚባለው ነገር ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ፣ ቁጣው ከኀዘኑ በፊት ይሁን በኋላ፣ ሰው ይቅርታ ሊል ሲል እንዴት እንደሚያመነታ እንሰማለን። ይህ ሐሳብ ካልሆነ ሐሳብ ምን እንደ ሆነ ይነገረን።

የወርቅ አንጥረኛ ሥራ አይታችሁ ከሆነ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በሰሙ ቦታ ገብቶ የሰሙን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ስለ ሰምና ወርቅ ስንኩራራ የምንውል ሰዎች ሰሙ ሲወጣ ማልቀሳችን አይገባንም።

በዚህ ላይ የሚስቀን አንድ ሌላ ነገር አለ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ቢትልሶች በ1964 ያወጡትን «ሺዝ ኤ ውማን» ቤክ ሲጫወተው ቶክ ቦክስ በተባለ መሣሪያ ተጠቅሟል። ይህ መሣሪያ የጊታሩን ድምፅ በላስቲክ ቱቦ ወደ ተጫዋቹ አፍ ያስገባዋል፤ ተጫዋቹ ከንፈሩንና ምላሱን ሲያንቀሳቅስ ጊታሩ ቃል የሚናገር ይመስላል። የሚቋቋመው ኮሚቴ ይህንን በየትኛው መዝገብ ሊያስገባው ነው? ቃል ነው እንዳይል አፉ የሰው ድምፁ የጊታር ነው፤ ቃል አይደለም እንዳይል ደግሞ ይሰማል። ለዚህ አንድ ንዑስ ኮሚቴ ሳያስፈልግ አይቀርም።

ከባሕር ማዶ ብቻ እያመጣችሁ ታስረዱናላችሁ እንዳትሉን ከራሳችን ቤት አንድ ምስክር እንጥራ። ሽለላና ፉከራ የቃል ሥራ ነው፤ ያለ ቃል ይፎከራል ቢባል ሽማግሌዎቻችን ይስቁ ነበር። በ2016 ያረፉት ጌታቸው መኩሪያ ግን ያንን ፉከራ ወስደው በቴነር ሳክሶፎን ነፉት። እገሌ ዘመተ፣ እገሌ ጣለ የሚል ቃል የለበትም። ነገር ግን ሲሰማ ክንዱ የማይወጠር፣ ከወንበሩ ብድግ የማይል ማነው? ከተቃዋሚዎቻችን መካከል በዚሁ አዳራሽ ውስጥ የጌታቸው ሸክላ ሲሰማ «ይበል!» ብለው የጮኹትን እናውቃቸዋለን፤ ስም መጥራት አይጠቅምም። ለሳክሶፎን የተፈቀደው ለጊታር የሚከለከልበትን ምክንያት ግን እንዲነግሩን እንፈልጋለን።

ወደ ሁለተኛው ክርክር እንለፍ። የአንድ ሰው ትርዒት ነው ተብሏል። በሽፋኑ ላይ ተሥሎ የሚታየው ጊታሩን ያጎነበሰበት ቤክ ብቻውን ስለ ሆነ፣ ከሽፋኑ አልፎ ያላነበበ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ከጀርባው ያለውን ጽሕፈት ያነበበ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። በሸክላው ላይ ካሉት 9 ሥራዎች መካከል ቤክ ብቻውን የደረሰው አንድ ብቻ ነው። እርሱም ከሁሉ ቀላሉ ነው፤ ርእሱ «ሆድ ድርቀት የያዘው ዳክዬ» ማለት መሆኑን እንጠቁምና እንለፈው። ሁለቱ የስቲቪ ዎንደር ናቸው። አንዱ የቢትልሶች ነው። «ፍሪዌይ ጃም» የኪቦርድ ተጫዋቹ የማክስ ሚድልተን ነው። የመጨረሻው፣ «ዳይመንድ ደስት»፣ የበርኒ ሆላንድ ነው። የቀሩት ሦስቱ በጋራ የተሠሩ ሲሆን፣ «ኤር ብሎወር» አራቱም ተጫዋቾች በእኩል የተመዘገቡበት ነው። ከኋላው ቆመዋል የተባሉት ሰዎች እነማን ናቸው? ሚድልተን እንግሊዛዊ ነው፤ ቤዝ ጊታሩን የያዘው ፊል ቼን የጃማይካ ተወላጅ ነው፤ ድራም የመታው ሪቻርድ ቤይሊ የትሪኒዳድ ተወላጅ ነው። የሸክላውን ሥራ የመራው የቢትልሶችን ሸክላዎች የሠራው ጆርጅ ማርቲን ነው፤ በ«ስካተርብሬይን»ና በ«ዳይመንድ ደስት» ላይ ያሉትን ቫዮሊኖች ያቀናበረው እርሱ ነው። ያ መለያየት የሚሰማበት ሥራ ደግሞ በሽፋኑ ላይ ለሌላ ጊታር ተጫዋች፣ ለአሜሪካዊው ለሮይ ቡካነን መታሰቢያ ተደርጎ ለስቲቪ ዎንደርም ምስጋና ተጽፎበታል። ራሱን የሚያሞግስ ሰው በገዛ ሸክላው ላይ በገዛ መሣሪያው የሚወዳደረውን ሰው ያመሰግናል? በእኛ ማኅበር ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ብናገኝ ሊቀ መንበር እናደርገው ነበር።

ይልቁንም አንድ ጊዜ «ስካተርብሬይን»ን አስተውላችሁ ስሙት። ዘጠኝ ዘጠኝ እየተቆጠረ የሚሄድ ፈጣን ነገር ነው፤ ጊታሩ ያንኑ ሐረግ እየደጋገመ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ከዚያ ጊታሩ ዝቅ ይልና የሚድልተን የኤሌክትሪክ ፒያኖ ይናገራል። የቤይሊ ድራም ከሥር ምን እንደሚያደርግ ለማየት ሸክላውን ሦስት ጊዜ አዙረን ሰምተነዋል። ማንም ለማንም አጃቢ አይደለም። ስለ ኅብረት ከምንጽፈው ብዙ ዓረፍተ ነገር ይልቅ ይህ ኅብረት ምን እንደሚመስል በተሻለ ያሳያል፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ስለሚል አይደለም፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ስለሚያዳምጥ ነው። (ባለፈው ስብሰባ የሆነው ከዚህ የራቀ እንደ ነበረ በትሕትና እናስታውሳለን።)

እስካሁን በሌሎች ላይ ጮኸናል። አሁን ወደ ራሳችን ወገን እንዙር፤ ምክንያቱም ተቃዋሚዎቻችን ሸክላውን «የጣት ትርዒት» እንዲሉት ያደረጉት ከእኛው መካከል ያሉ ወዳጆቹ ናቸው። ጊታር የሚወዱ ወንድሞች አሉን፤ በስልካቸው ላይ ማን በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ስንት ድምፅ እንደሚመታ ሲቆጥሩ ያመሻሉ። የጆ ሳትሪያኒን የ1987 ሸክላና የስቲቭ ቫይን የ1990 ሸክላ ከቤክ ጋር አስቀምጠው እንደ ፈረስ እሽቅድምድም ይለኩአቸዋል። የሁለቱን ሰዎች ሥራ አንንቅም፤ ስለ እነርሱም ሌላ ጊዜ እንጽፍ ይሆናል። ነገር ግን በዚህ ዐይነት የሚሰማ ሰው፣ ግጥምን በስንኝ ብዛት ከሚመዝን ሰው አይሻልም። በ«ብሎው ባይ ብሎው» ላይ የሚያስደንቀው ፍጥነቱ አይደለም። ቤክ ሊመታቸው ሲችል ያልመታቸው ድምፆች ናቸው። ጆርጅ ማርቲን ሲናገር የተሰማ አንድ የታወቀ ወሬ አለ፤ ቤክ ሥራው ካለቀ በኋላ እየተመላለሰ ያንን ክፍል እንደገና ልጫወተው ይል ነበር፤ በመጨረሻም ሸክላው እኮ ሱቅ ገብቷል ተብሎ ተመለሰ ይባላል። ፍጥነቱን ሊጨምር እንዳልነበረ እርግጠኞች ነን።

እነዚሁ ወንድሞቻችን በሽፋኑ ላይ የሚታየው የ1954 ሌስ ፖል ጊታር በጥር 2025 ለንደን ውስጥ በጨረታ ከአንድ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መሸጡን እንደ ድል ይነግሩናል። ድሉ የማን ነው? ያ እንጨት ያለ ተጫዋች አንድ ድምፅ አያወጣም። ደግሞም ያ የምንከራከርበት ሥራ የተጫወተው በዚያ በሚሊዮን በተሸጠው ጊታር አይደለም። ሲሞር ደንከን የተባለው የጊታር ባለሙያ ከአንድ አሮጌ ቴሌካስተር አካልና ከሌላ የተሰበረ ጊታር ከወጡ ድምፅ ተቀባይ ማግኔቶች አገጣጥሞ በሰጠው ጊታር ነው። በጥገና ቆሞ የሚሄድ ዕቃ ከሚሊዮኑ ዕቃ አብልጦ ሲናገር የምንሰማበት ጊዜ ብዙ አይደለምና፣ ብትጠቅሱ ይህንን ጥቀሱ።

ሸክላው እንከን የለበትም ብለን አንምልም። «ዳይመንድ ደስት» ርዝመቱ ከስምንት ደቂቃ ያልፋል፤ ቫዮሊኖቹ ሲገቡ ስኳር የበዛበት ሻይ ይሆናል፤ ከእኛ መካከል ሁለቱ ጨርሰው አይሰሙትም። የመጀመሪያው ገጽ ግማሹ ለእግር እንጂ ለልብ የተሠራ አይደለም። የሠራውም ትልቅ የሸክላ ኩባንያ እንጂ የተጨቆነ ሕዝብ አይደለም፤ ቤክንም የሕዝብ ታጋይ አድርገን ልናቀርበው አንፈልግም፤ ራሱም እንዲህ ብሎ አያውቅም። እኛ የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ ሥራው የሚለው ነገር አለው፤ የሚለውንም ለመስማት ሰሚው መሥራት አለበት።

ክርክሩ ሁሉ የሚያርፈውም እዚህ ላይ ነው። ስለ አንድ እንግሊዛዊ ሸክላ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ስቴንሲል አናባክንበትም ነበር። ነገሩ ስለ እኛ ስለ ተማሪዎች አሰማም ነው። ከመጀመሪያ ክፍል ጀምሮ የሚነገረንን ጽፈን፣ የጻፍነውን በቃላችን ይዘን፣ በፈተና ቀን መልሰን ስንሰጥ አድገናል። መምህሮቻችን ይህን ልማድ ከእኛ ሊያላቅቁ ሲደክሙ እናያለን፤ አንዳንዶቹም ደክሟቸው ራሳቸው ማስጻፍ እንደ ጀመሩ አይተናል፤ ይቅር ይበሉን። እንዲህ ሆኖ የተማረ ጆሮ መልእክቱ በግልጽ ካልተነገረው መልእክት የለም ብሎ ይደመድማል። ይህ ጆሮ ደግሞ በግልጽ የተነገረውን ሁሉ መልእክት ነው ብሎ ይቀበላል። ኮሚቴው ቢቋቋም ምን እንደሚያሳልፍ ከወዲሁ ልንነግራችሁ እንችላለን። «ሀገሬ» የሚል ቃል ሁለት ጊዜ ያለበትን ማናቸውንም ዘፈን፣ ዜማው የተሰረቀ፣ ግጥሙ የተንገዳገደ ቢሆን እንኳ፣ እያጨበጨበ ያሳልፋል፤ ቃል የሌለውን የጌታቸውን ሳክሶፎን፣ ቃል የሌለውን የእረኛ ዋሽንት፣ ድርደራው ብቻ የሚሰማውን በገና ግን በደጅ ያስቀምጣል። ይህን የሚሠሩትም ክፉ ሰዎች ስለ ሆኑ አይደለም፤ በእጃቸው ያለው መመዘኛ ቃል ብቻ ስለሚመዝን ነው። ከኮሚቴው ዕጩዎች አንዱ ጓደኛችን ናቸው፤ ቅን ሰው ናቸው፤ እርሳቸውም ቢሆኑ በዚያ ሚዛን ሌላ ነገር ሊመዝኑ አይችሉም።

እኛ የምንጠይቀው ክበቡ የሚሰማውን ክበቡ እንዲመርጥ ነው። መልእክት ያለው ዘፈን ይቅር አላልንም፤ በየሐሙሱ ግማሹ ዘፈን ነው፤ መዝገባችን ክፍት ነውና ኑና እዩ። የሚቃወም ሁሉ የሚወደውን ሸክላ ይዞ ይምጣ፤ እናጫውትለታለን፤ እስከ መጨረሻውም ተቀምጠን እንሰማለን፤ ከዚያ በኋላ እንከራከራለን። ሳይሰሙ ከመፍረድ ሰምቶ መጣላት ይሻላል።

ድምፅ የሚሰጠው በሚመጣው ዐርብ ነው። ከዚያ በፊት ባለው ሐሙስ ማታ በ12 ሰዓት ተኩል ያንኑ ሸክላ እንደገና እናሰማለን፤ በዚህ ጊዜ ግን ከሁለተኛው ገጽ እንጀምራለን። መጀመሪያ የሲሪታን ዘፈን ከነቃሉ፣ ወዲያው ቀጥለን የቤክን ያለ ቃሉ፤ በመካከላቸው ማንም ምንም አይናገርም። ባለፈው ያፏጩት ወንድሞቻችን ከፊት ያለው ረድፍ ተይዞላቸዋል። የመርፌው ጫፍ ስለ ተበላ አዲስ መግዣ የሚሆን አምስት አምስት ብር የምትችሉ ይዛችሁ ኑ።